ከኡም ራኩባ እስከ ሲያትል ወደብ፦ ከውኃው በታች ያለው ጭቃ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ «ስለ ሥራህ ጥቂት ንገረን» ብሎ ሲጠይቀኝ አመነታሁ። ሥራዬ ጭቃ ነው። ከወንዝና ከባሕር ወለል ጭቃ እያወጣን ምን እንዳለበት እንመረምራለን። በበዓል ቀን፣ ነጭ ለብሶ ለመጣ ሰው ስለ ጭቃ ማውራት ደስ አይልም። ነገር ግን ለእናንተ መናገር ይገባኝ የነበረ፣ ሳልናገር ያቆየሁት አንድ ጉዳይ ስላለ እሺ አልኩ። ወጡ እንዳይቀዘቅዝ አላንዛዛም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ብዙዎቻችን በሱዳን በኩል ያለፍን ነን። በ1984 እና በ1985 ረሃቡ ሲጠና ኡም ራኩባ የደረሰ ሰው ውኃውን አይረሳም። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የማስታውሰው ጀሪካኑን ነው። በክረምት የሚቀዳው ውኃ መልኩ ሻይ በወተት ይመስል ነበር። እናቴ ጀሪካኑን ጥላ ሥር ታቆመውና ማንም እንዳይነካው ታዛለች። ሲያድር ከላይ የጠለለውን ቀስ አድርጋ ትቀዳለች፣ የታችኛውን ትደፋለች። እኔ ነካክቼው ከደፈረሰ ወዮልኝ። ኡም ራኩባ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተዘግታ ቆይታ በኅዳር 2020 የትግራዩን ጦርነት ለሸሹ ወገኖቻችን እንደገና ስትከፈት፣ ዜናውን እየሰማሁ የታየኝ ያው ጀሪካን ነበር።

እናቴ ትደፋው የነበረውን ነው እንግዲህ እኔ ዛሬ ደመወዝ እየተከፈለኝ የማጠናው። ጠላ የጠመቀች እናት ነገሩ ቶሎ ይገባታል፤ ጠላው ምን እንደ ገባበት ለማወቅ አተላውን ማየት ነው። ውኃም እንደዚሁ ነው። ውኃ ያልፋል፤ አተላው ግን ይቀመጣል። የወንዝ አተላ ደለል ይባላል።

የገዳሪፍ ሰው ስለ ደለል ማንም አያስተምረውም። ተከዜ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ ከጎንደር በኩል የሚወርዱት ጓንግና አንገረብም ተጨምረው አትባራ ይሆናሉ። የገዳሪፍ ከተማ ከሸዋክ በቧንቧ ስታስመጣው የኖረችው ውኃ የዚሁ ወንዝ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ ኸሽም ኤል ግርባ የሚባለው ግድብ በ1964 ተሠርቶ አለቀ። ዋና ዓላማው የአስዋን ግድብ ውኃ አገራቸውን ለሸፈነባቸው፣ ከዋዲ ሐልፋ ለተፈናቀሉት የኑብያ ሰዎች የመስኖ እርሻ ማልማት ነበር። ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ ነበር። ከእኛ ተራሮች ታጥቦ የወረደው አፈር ግን ከግማሽ በላይ የሆነውን ቦታ ወሰደበት። ስለዚህ ሱዳኖች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጎርፉ ወራት የግድቡን የታች በሮች ለጥቂት ቀናት እየከፈቱ ጭቃውን ያጥቡታል። በእነዚያ ቀናት ዓሣው በጭቃ ታፍኖ ይንሳፈፋል። በኋላ በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ሌላ መንታ ግድብ ተሠርቶ በ2017 ተመርቋል፤ እዚያም ጭንቀቱ ያው ደለል ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛው መካከል አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ ልበላቸው፤ ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል። ጋሼ ዓሣ ማጥመድ የተማሩት በስደት ዘመን ግርባ አጠገብ፣ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ሲሠሩ ነው። ሲያትል ከመጡ በኋላ ከሥራ የሚተርፋቸውን ቀን ሁሉ በዱዋሚሽ ወንዝ ዳር አሳለፉት። ያጠመዱትን አይሸጡም፤ ያድላሉ። በተለይ አራስ ካለች የመጀመሪያውን የሚወስዱት ለእርስዋ ነበር። ዓሣ አራስን ያጠነክራል ብለው ነው፤ ክፋት የለበትም። እዚህ ካላችሁት እናቶች መካከል የበላችሁ አላችሁ። እኔም ቤት ገብቷል።

እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ያንን ወንዝ ከሚመረምሩት ጀልባዎች በአንዱ ላይ እሠራ ነበር። ዓሣው የትኛው እንደ ሆነ፣ ምን እንደ በላ፣ በሥጋው ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ሽማግሌ ሰው በደግነት ያመጡልህን «አልበላም፣ የተመረዘ ነው» ማለት ከየት ይመጣል? እየተቀበልኩ በድብቅ እጥለው ነበር። ይሉኝታዬ የእኔን ቤት አዳነ፤ የጎረቤቶቼን ቤት ግን አላዳነም። መናገር ይገባኝ ነበር ያልኩት ይህን ነው።

አሁን ነገሩን ላስረዳ። የሲያትል ወደብ የግል ኩባንያ አይደለም፤ የሕዝብ ነው። በ1911 በሕዝብ ድምፅ የተቋቋመ ነው። እስከ ዛሬም በኪንግ ካውንቲ መራጮች በሚመረጡ አምስት ኮሚሽነሮች ይተዳደራል፤ ቤት ያለው ሁሉ ከሚከፍለው የንብረት ግብር ድርሻ ያገኛል። ወንድሞቻችን ታክሲ የሚነዱበት የሲታክ ኤርፖርትም የእርሱ ነው። ኮንቴይነር የሚያመላልሱት የጭነት መኪና ነጂዎችም ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ስለ ወደቡ ስናወራ ስለ ሌላ ሰው ቤት አናወራም።

ዱዋሚሽ ወደዚህ ወደብ የሚፈስሰው ወንዝ ነው። ድሮ እየተጠማዘዘ ይሄድ የነበረው ወንዝ ከ1910ዎቹ ጀምሮ መርከብ እንዲገባበት ተቆፍሮ ቀጥ ተደረገ። በሁለቱም ዳር አውሮፕላን የሚሠራው፣ ብረት የሚያቀልጠው፣ ሲሚንቶና አስፋልት የሚያመርተው፣ ጀልባ የሚጠግነው ተደረደረ። የከተማው የጎርፍና የፍሳሽ ቧንቧዎችም እዚያው ይከፈታሉ። ከዚህ ሁሉ የወጣው ነገር ወንዙ ወለል ላይ ተቀመጠ። በ2001 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የወንዙን የታችኛውን አምስት ማይል ሱፐርፈንድ በሚባለው፣ በአገሩ ካሉት በጣም የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አገባው።

ከተገኙት መርዞች ዋናው ፒሲቢ ነው። ሌሎችም አሉ፤ አርሰኒክ፣ ዳዮክሲን፣ ከነዳጅና ከቃጠሎ የሚመጡ ጥላሸት ነክ ነገሮች። ፒሲቢ ለትራንስፎርመር ዘይት፣ ለቀለም፣ ለሕንፃ መገጣጠሚያ ማሸጊያ ሲያገለግል የኖረ በፋብሪካ የተሠራ ኬሚካል ነው። አሜሪካ በ1979 እንዳይመረት ከለከለችው። ከተከለከለ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም አለ፤ ምክንያቱም በቀላሉ አይበሰብስም። ውኃ ውስጥም እምብዛም አይሟሟም፤ ከደቃቁ ጭቃ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ የወንዙን ውኃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ብታዩት ጥርት ያለ ነው። ጋሼም ኋላ ላይ «ወራጅ ውኃ ምን ይሆናል?» ያሉኝ ለዚህ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ውኃው ወራጅ ነው። ጭቃው ግን አልወረደም።

ምርመራው የሚጀምረው ከወንዙ ሳይሆን ከወረቀት ነው። የድሮ ካርታ፣ ከአውሮፕላን የተነሡ አሮጌ ፎቶግራፎች፣ እያንዳንዱ ቦታ በየትኛው ዓመት የማን እንደ ነበረ፣ የትኛው ቧንቧ ከየት መጥቶ የት እንደሚከፈት ይጠናል። ጥሩ መርማሪ ጀልባ ላይ ከመውጣቱ በፊት የት የት መቆፈር እንዳለበት ግማሹን ያውቃል።

ከዚያ ጀልባው ይወጣል። ሁለት ዓይነት ናሙና አለ። አንደኛው የላይኛው ነው። እንደ መንጋጋ የሚከፈትና የሚዘጋ ብረት ወደ ታች ይለቀቅና ጭቃውን ነክሶ ይወጣል። ከእርሱ የላይኛውን አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ እንወስዳለን። ለምን አሥር? ትላትሎቹና ክላሞቹ የሚኖሩት እዚያ ስለ ሆነ ነው። ትሉ ጭቃውን ይበላል፣ ጠፍጣፋው ዓሣ ትሉን ይበላል፣ ሰው ዓሣውን ይበላል። ፒሲቢ በየደረጃው በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ያለው በልቶ ብዙውን ይሸከማል።

ሁለተኛው ጥልቁ ነው። ረጅም ቱቦ በሚንቀጠቀጥ ሞተር እየተገፋ ብዙ ጫማ ወደ ወለሉ ይገባል። ሲወጣ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ይህን ለልጆቻችን ባሳያቸው ደስ ይለኛል፤ እንደ መጽሐፍ ነው የሚነበበው። ከላይ ቡናማ ለስላሳ ጭቃ አለ፣ የቅርብ ዓመታት ነው። ዝቅ ሲል ግራጫ ይሆናል። ከዚያ ጥቁር፣ የነዳጅ ሽታ ያለው፣ ውኃ ሲነካው ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት የሚያወጣ ይመጣል፤ ፋብሪካዎቹ ምንም ከልካይ ያልነበራቸው ዘመን ነው። ከዚያም በታች ንጹሕ አሸዋ አለ፣ ከፋብሪካው በፊት የነበረው ወንዝ። አንድ ጊዜ ቱቦው ሙሉ መስሎን ስንጎትተው የታችኛው መዝጊያ አልያዘ ኖሮ፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ወንዝ ገባ። በብርድ ግማሽ ቀን የለፋንበት ነበር። የጀልባው ነጂ የሰደበውን እዚህ አልደግመውም።

እያንዳንዱ ናሙና በበረዶ ሣጥን ይገባል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም የሰጠውም የተቀበለውም ይፈርማል። ፊርማ የተጓደለበት ጭቃ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ገንዘብ ነው። የጥናቱን ወጪ በጋራ የሸፈኑት የሲያትል ወደብ፣ የሲያትል ከተማ፣ ኪንግ ካውንቲና ቦይንግ ናቸው። የየትኛው ጓሮ ጭቃ ምን ያህል እንደ ተበከለ የሚናገረው ቁጥር ማን ስንት ይከፍላል የሚለውንም ይወስናል።

ጥናቱ ከ2000 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በኅዳር 2014 የጽዳቱ ውሳኔ ታተመ። የወንዙ ወለል 441 ኤከር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ በ105ቱ ኤከር ጭቃው ተቆፍሮ እንዲወጣ፣ እንዳስፈላጊነቱም በላዩ ንጹሕ ነገር እንዲነጠፍ፤ 24ቱ ሳይቆፈር በወፍራም ንጣፍ እንዲሸፈን፤ 48ቱ ስስ አሸዋ እንዲበተንበት ተወሰነ። 235ቱ ደግሞ ክትትል እየተደረገበት ወንዙ ራሱ እንዲያጸዳው ተተወ። የቀረው ቀደም ብለው ጽዳት በጀመሩ ጥቂት በጣም የተበከሉ ቦታዎች ላይ ነው። ግምቱ 342 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

«ወንዙ ራሱ እንዲያጸዳው» የሚለውን ስሰማ መጀመሪያ ማታለያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ግርባን የሚያውቅ ሰው የሚረዳው ነው። ወደዚህ ወንዝ በየዓመቱ ከሚገባው አዲስ ደለል ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ከላይ፣ ከግሪን ወንዝ የሚወርድ፣ ከታችኛው ጭቃ ጋር ሲነጻጸር ንጹሕ የሆነ አፈር ነው። ግርባ ላይ ግድቡን የሞላው ደለል እዚህ መርዙን እየሸፈነ ይቀብረዋል። አንድ ነገር እዚያ ጥፋት፣ እዚህ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ደለሉ በማይጠራቀምበት፣ ወይም የመርከብ ሞተር ወለሉን በሚያማስልበት ቦታ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የሚከራከሩትም ለዚህ ነው፣ መከራከራቸውም ትክክል ነው።

መቆፈርም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2003 እና በ2004 ዱዋሚሽ ዳያጎናል በሚባለው የቧንቧ አፍ አጠገብ ቁፋሮ ሲደረግ የተበከለው ጭቃ በዙሪያው ተበተነ፤ በ2005 በተበተነው ላይ አሸዋ መጣል ግድ ሆነ። ጀሪካኑን የነካካ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ነግሬአችኋለሁ።

ጥሩ የወጣም አለ። በሳውዝ ፓርክ በኩል ተርሚናል 117 የሚባለው የወደቡ ቦታ፣ አንድ ጊዜ የአስፋልት ፋብሪካ የነበረበት፣ አፈሩም ጭቃውም ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በ2022 ሕዝብ የሚዝናናበት መናፈሻና የዓሣ መራቢያ ዳርቻ ሆኖ ተከፍቷል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቆንጆ ነው። ዋናው የወንዙ ጽዳት በላይኛው ክፍል በ2024 መጨረሻ ተጀምሮ ወደ ታች እንዲወርድ ታቅዷል። ውኃ ውስጥ የሚሠራው በመኸርና በክረምት ብቻ ነው፣ ሳልሞን እንዳይጎዳ። ስለዚህ ዓመታት ይወስዳል። ሲያልቅም በጭቃው ውስጥ ያለው ፒሲቢ ከ90 በመቶ በላይ ይቀንሳል ይባላል እንጂ፣ ዓሣውን እንደ ልብ መብላት ይቻላል ብሎ ቃል የገባ የለም።

አንድ ቅር የሚለኝን ልንገራችሁ። ሰው ከወንዙ ምን ያህል ዓሣ ይበላል የሚለውን ለመገመት አጥኚዎቹ የተጠቀሙት በነባሮቹ የአሜሪካ ጎሳዎችና በ1999 በወጣ፣ በኪንግ ካውንቲ በሚኖሩ የእስያና የፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጆች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። በእነዚያ ውስጥ እኛ የለንበትም። በ2013 የጽዳቱ ዕቅድ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ ከ2,000 በላይ አስተያየት በብዙ ቋንቋዎች ገብቷል። እኔ በዚያን ጊዜ ሁሉን አውቄ አንዲት መስመር በአማርኛ አልጻፍኩም፤ ሌላውንም አላስጻፍኩም። ሐሳብ መቀበል ዛሬም አልቆመም፤ ስብሰባ አለ፣ አስተርጓሚ ጠይቆ መግባት ይቻላል።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። በታችኛው ዱዋሚሽ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረውን ዓሣ፣ ማለትም ጠፍጣፋውን ዓሣና ፐርቹን፣ ሸርጣኑን፣ ክላሙንና ሙስሉን አትብሉ። የጤና መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ለማንም ነው፤ ይልቁንም ላረገዘች፣ ለምታጠባና ለሕፃናት፣ ምክንያቱም ፒሲቢ የልጅን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ሳልሞን ግን ሌላ ነው። ሳልሞን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ባሕር ላይ ነው፤ በወንዙ የሚያልፈው እንደ መንገደኛ ስለ ሆነ ከጭቃው አይበላም። ኮሆ፣ ቸም፣ ፒንክና ሶካይ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ኪንግ የሚባለው ቺኑክ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበላል። ማጠብ መርዙን አያወጣውም፤ ሎሚና በርበሬም አያወጣውም። ቆዳውንና ስቡን አውጥቶ መጣል ግን ይቀንሰዋል። ከዚህ በፊት የበላችሁ እናቶች አትደንግጡ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ለብዙ ጊዜ ደጋግሞ በመብላት ነው፣ ሐኪሞችም ማጥባትን አቁሙ አይሉም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ የሚበላ ሰው ግን የትኛውን እንደሆነ ይወቅ።

ጋሼን የነገርኳቸው አንድ ቅዳሜ ነው። ካርታውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። የሰነጠቅነውን ቱቦ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው፣ ጥቁሩን ክፍል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ግርባ ላይ ዓሣው በጭቃ ሲሞት ዓይተን እንሸሽ ነበር» አሉ። «እዚህ ዓሣው ሳይሞት እንዴት እንወቅ?» ቀጥሎም የጠየቁኝ «ለእነማን እንደ ሰጠሁ ልቁጠርልህ፣ አንተ ትነግራቸዋለህ?» ነው። ቆጠሩልኝ። አሥራ አንድ ቤት ነበር። ዘጠኙን ነግሬአለሁ። ሁለቱ ከከተማው ለቀው ስልካቸውን ያጣሁባቸው ናቸው፤ የምታውቋቸው ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ አግኙኝ።

ካርታውንና አንድ የደረቀ የጭቃ ናሙና ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ናሙናው ከላይኛው ወንዝ የመጣ ስለ ሆነ ልጆች ቢነኩትም ግድ የለም። ከጎኑ ያለው በትልቁ ትሪ የቀረበው ዓሣ ደግሞ ጋሼ ያጠመዱት ኮሆ ሳልሞን ነው። ቆዳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።